«ሲስተር» የሚለው ስም፦ ከጅሬን ኮረብታ እስከ አጣጥ ጎጆዎች

በአገራችን ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ ነጭ ልብስ የለበሰች ነርስ ስታልፍ ታማሚውም አስታማሚውም «ሲስተር» ብሎ ይጠራታል። ባለትዳር ብትሆን፣ ሙስሊም ብትሆን፣ ከትምህርት ቤት የወጣችው ገና ትናንት ቢሆን መጠሪያዋ አይለወጥም። ቃሉ በእንግሊዝኛ እህት ማለት ሲሆን፣ ወደ ሕሙማን ክፍል የገባው ግን ከቤተሰብ ሳይሆን ከገዳም ነው። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ሕሙማንን ማስታመም በአብዛኛው የደናግል ሥራ ስለነበረ፣ ሙያው ከገዳም ወጥቶ የመንግሥትና የትምህርት ቤት ከሆነ በኋላም ስሙ ተከትሎት ቀረ። የሚያስገርመው ግን ይህን ስም ለሙያው ያወረሱት እህቶች ራሳቸው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በአንድ አልጋ አጠገብ መቆም የተከለከሉ መሆናቸው ነው፤ እርሱም የምታምጥ ሴት አልጋ ነው። ክልከላው የተነሣበት ታሪክ ከሮምና ከሕንድ ይጀምራል። ፍሬው ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ይገኛል፤ ጥያቄውም ዞሮ የደረሰው ጅማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጅሬን ኮረብታ ከጅማ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ይታያል። ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከዚያ ቤተ መንግሥታቸው ሆነው ታች ያለውን የሂርማታ ገበያ ይቆጣጠሩ ነበር። ንጉሡ ለምኒልክ በመገበራቸው አገራቸው ከጦርነት ድና የውስጥ አስተዳደሯን ጠብቃ ቆየች። ጅማ የእስልምና ትምህርት የጸናባት፣ የቡናና የሌላም ሸቀጥ ነጋዴ የሚገናኝባት መንግሥት ነበረች። ለካቶሊክ ሰባኪ እንዲህ ያለ አገር በቀላሉ የሚገባበት አልነበረም። ወደ አካባቢው ለመግባት የቻሉት አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ያለፉት ባብዛኛው በሁለት በሮች ነው፤ አንዱ ንግድ፣ ሁለተኛው መድኃኒት።

የመድኃኒቱን በር አስቀድሞ የከፈቱት በአገራችን አቡነ ማስያስ በሚል ስም የሚታወቁት የካፑቺን መነኩሴ ጉልዬልሞ ማሳያ ናቸው። በ1846 የኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካር ሆነው ተሾሙ፤ በ1852 ወደ ጉዱሩ ደርሰው ከዚያም በኢናርያና በከፋ ሠሩ። ከስብከታቸው ይልቅ ዝናቸውን ያወጣው በፈንጣጣ ላይ ይሰጡት የነበረው ክትባት ሲሆን ሕዝቡ «የፈንጣጣ አባት» ይላቸው እንደ ነበረ ራሳቸው ጽፈዋል። በ1879 ዐፄ ዮሐንስ ከአገር እስኪያስወጧቸው ድረስ የመሩት ሚስዮን የወንዶች ሚስዮን ነበር። ክትባት በአደባባይ ይሰጣል፤ ወንድ መነኩሴም ይሰጠዋል። ወደ ጓዳ የሚገባ፣ የወላድ መኝታ አጠገብ የሚቀመጥ ግን በዚያ ዘመን ማንም አልነበረም።

ሴቶቹ የመጡት ከቶሪኖ ከተማ ነው። ጁዜፔ አላማኖ የተባሉ ካህን በ1901 የኮንሶላታ ሚስዮናውያን ማኅበርን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው የሥራ መስክም ኬንያ ሆነ። እዚያ የሄዱት ካህናት ያለ ሴቶች ሥራው እንደማይሆን ለመገንዘብ ጊዜ አልፈጀባቸውም። መጀመሪያ ከቶሪኖው ከኮቶሌንጎ ቤት ደናግል ተውሰው ከ1903 ጀምሮ አሠሩ። ኋላ ግን አላማኖ በጥር 1910 የኮንሶላታ ሚስዮናውያት እህቶችን ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹም እህቶች በ1913 ወደ ኬንያ ተጓዙ። በዚያው ዓመት ሮም የከፋን ሐዋርያዊ ግዛት ፈጥራ ለዚሁ ማኅበር ሰጠች። የግዛቱ አለቃ ሆነው የተሾሙት ጋውዴንሲዮ ባርላሲና ግን ሹመታቸውን ይዘው ሊገቡ አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ በ1916 ነጋዴ መስለው ገቡ። በዚያ ዘመን በሚስዮኑ አጠራር «ከፋ» ማለት ዛሬ በዚህ ስም የምናውቀው ዞን ብቻ ሳይሆን ጅማን ጨምሮ ሰፊውን ደቡብ ምዕራብ የሚያጠቃልል ነበር።

እህቶቹ በ1920ዎቹ አጋማሽ ደረሱ። ሥራቸው ማኅበሩ በኬንያ ከለመደው የተለየ አልነበረም፤ ትንሽ የመድኃኒት መስጫ፣ ቁስል ማጠብ፣ ልጃገረዶችን ማስተማር፣ ሕሙማንን ቤት ለቤት መጠየቅ። በየጊዜው ስለ እነርሱ የተጻፈው ጥቂት ነው። የሚስዮን ታሪክ ጸሐፊ የካህናቱን ስም ከነሹመታቸው ሲዘረዝር እህቶቹን በቁጥር ብቻ ያልፋቸዋል። ያቺ እህት ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረች ለመረዳት በዚያው ትውልድ ኬንያ ውስጥ የሠሩትን ኢሬኔ ስቴፋኒን ማየት ይበጃል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት ለማሸከም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካውያንን አሰለፈ። በቮይ፣ በኪልዋና በሊንዲ በተቋቋሙት የተሸካሚዎች ሆስፒታሎች የእነዚህን ሰዎች ቁስል ያጠቡ ከነበሩት አንዷ ሲስተር ኢሬኔ ነበሩ። በኋላም ጊኮንዲ በምትባል የኪኩዩ መንደር ሲሠሩ የወረርሽኝ በሽተኛ አስታመው በሽታው ተላልፎባቸው በ1930 በ39 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም በ2015 ብፅዕት ብላቸዋለች። ጓንትና ጭምብል፣ ለይቶ ማስታመሚያ ክፍልም ባልነበረበት ጊዜ ማስታመም የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነበር።

ከወረርሽኝ ያልተከለከለው እጅ ከምጥ ግን ተከልክሏል። ሮም ለገዳማውያት ያወጣችው ደንብ በወሊድ እንዳይረዱ ያዝዝ ነበር፤ ሐኪም ሆኖ መሥራትም ለካህንም ሆነ ለገዳማዊት ያለ ልዩ ፈቃድ የማይቻል ነበር። ምክንያቱ የንጽሕና ስእለት የገባችን ሴት ከእንዲህ ያለው ነገር መጠበቅ ይገባል የሚል ነው። ደንቡ ሲወጣ የታሰበው ለአውሮፓ ይሆናል፤ እዚያ ገዳማዊቷ ብትቀር ሌላ አዋላጅ ትገኛለች። በከፋም ሆነ በራዋልፒንዲ ግን ሌላ የሠለጠነ ሰው አልነበረም። ያቺ እህት ደንቡን ካከበረች ለቁስልና ለወባ መድኃኒት ስትሰጥ ውላ፣ ሦስት ቀን ያማጠች ሴት ስትመጣ ግን እጇን መሰብሰብ አለባት ማለት ነው።

ይህን በግልጽ የተናገሩት ሐኪም ሴቶች ናቸው። በ1837 በስኮትላንድ የተወለዱት አግነስ ማክላረን የአገራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ሴት ሐኪም ስለማያስተምሩ በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ተምረው በ1878 ተመረቁ፤ በ61 ዓመታቸው ደግሞ ካቶሊክ ሆኑ። በሰሜን ሕንድ ሙስሊም ሴቶች በወንድ ሐኪም መታየትን ስለማይቀበሉ በየጓዳው እንደሚሞቱ በተረዱ ጊዜ ራዋልፒንዲ ውስጥ ለሴቶችና ለሕፃናት ሆስፒታል አስከፈቱ። ሆስፒታሉን በቋሚነት የሚይዙ ሐኪም ደናግል እንዲፈቀዱላቸው ሮምን ደጋግመው ቢለምኑም ሳይሳካላቸው በ1913 አረፉ። አደራውን በደብዳቤ ብቻ የሚያውቋት የኦስትሪያ ወጣት ተቀበለች። አና ዴንገል አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ከተማ ሕክምና ተምረው በ1919 ተመረቁና ከ1920 ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል በራዋልፒንዲ ሠሩ። እዚያ የተረዱት ሐኪም እየመጣ የሚሄድበት ሆስፒታል እንደማይጸና፣ ሙያውን በምልዓት የተማረ ማኅበር እንደሚያስፈልግ ነው።

በመስከረም 1925 በዋሽንግተን ከተማ አና ዴንገል ከአንዲት ሌላ ሐኪምና ከሁለት ነርሶች ጋር ሆነው የሕክምና ሚስዮን እህቶችን ማኅበር መሠረቱ። አራቱ ሴቶች የመረጡት ዘዴ ብልሃት ያለበት ነው። ሕጉ የሚከለክለው ይፋዊ ስእለት የገቡትን ስለሆነ፣ ማኅበራቸውን ያለ ይፋዊ ስእለት አቋቁመው እንደ ደናግል እየኖሩ እንደ ሐኪም ሠሩ። ለአሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሁኔታ ቆዩ። በየካቲት 11 ቀን 1936 ሮም ባወጣችው መመሪያ በሚስዮን አገሮች ያሉ እህቶች ሕክምናና አዋላጅነት ተምረው እንዲሠሩ ተፈቀደ፤ እንዲያውም ተበረታቱ።

ያ ዓመት ለእኛ የሚታወሰው በሌላ ነገር ነው። መመሪያው ከወጣ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 5 ቀን 1936፣ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጅማም የደቡብ ምዕራቡ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። በአባ ጅፋር ዘመን ከባለ አገሩ ፈቃድ ሥር የነበሩት የቶሪኖ ሚስዮናውያን በአንድ ሌሊት የገዢው ወገኖች ሆነው ተገኙ። ከመካከላቸው ይህን የወደደም ያልወደደም ይኖራል፤ ታማሚው የሚያየው ግን የሚያክመው እጅና የሚያስተዳድረው ጠመንጃ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ መሆናቸውን ነው። ኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሆነውም በ1930 ዓ.ም. በወራሪው የተሠራው ለራሱ ወታደሮች አገልግሎት ነበር። ይህን ሳያነሡ የእህቶቹን በጎነት ብቻ መጻፍ የታሪኩን ግማሽ መተው ይሆናል። በ1941 ጣልያን ሲሸነፍ ሚስዮናውያኑም ከዜጎቻቸው ጋር ወጡ፤ የተፈቀደው አዋላጅነት በደቡብ ምዕራብ ሥር ሳይሰድ የአሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሥራቸው ተቋረጠ።

የኮንሶላታ ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1970 ሲሆን ያረፈውም በጅማ ሳይሆን በመቂ በኩል፣ በአርሲ ምድር ነው። የጋምቦ የሥጋ ደዌ ማእከልና ሆስፒታልም ከዚህ ከሁለተኛው ዘመን ሥራ ይቆጠራል። ከእህቶቹ መካከል በሙያችን ዘንድ ሊታወቁ የሚገባቸው ሌላዋ ሌዮኔላ ስጎርባቲ ናቸው። ለረጅም ዓመታት በኬንያ ነርሶችን ያስተማሩ፣ የንኩቡን ነርሲንግ ትምህርት ቤት የመሩ ሴት ነበሩ። ወደ ሞቃዲሾ ተሻግረው መንግሥት በፈረሰበት ከተማ የነርሶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹም ተማሪዎች በ2006 ተመረቁ። በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን ከትምህርት ቤቱ ወጥተው መንገድ ሲሻገሩ በጥይት ተመቱ፤ ሊያድናቸው የሮጠው ሙስሊም ጠባቂያቸውም አብሮ ተገደለ።

ሌላ የማኅበር ክር ደግሞ ወደ ጅማ በተዘዋዋሪ ደረሰ። ማዘር ትሬዛ በ1948 የሎሬቶን ገዳም ትተው ሲወጡ መርፌ መውጋትና ቁስል ማሸግ የተማሩት ሕንድ ውስጥ ፓትና በሚገኘው በእነዚሁ የሕክምና ሚስዮን እህቶች ሆስፒታል ነው። ለአዲሱ ማኅበራቸው ሩዝና ጨው ብቻ ምግብ ሊያደርጉ አስበው ነበር ይባላል፤ ያስተማሯቸው ሐኪሞች ግን በባዶ ሆድ የሚሠራ ሰው ራሱ ታማሚ እንደሚሆን ነግረው መለሷቸው። ማኅበራቸው በ1973 ኢትዮጵያ ገባ፤ ጅማ ውስጥም ረዳት ለሌላቸው ሕሙማን ቤት ከፈተ። በ1994 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ የካልካታውን ቤት ጎብኝተው የሕመም ማስታገሻውንና የምርመራውን ማነስ ሲተቹ ያነሡት ጉዳይ፣ አና ዴንገል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ነው። በጎ ፈቃድ ያለ በቂ ሙያ ለታማሚው አይበቃውም ባይ ነበሩ።

አና ዴንገል የማኅበራቸውን መሪነት በ1967 አስረከቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1969 ማኅበሩ በጉራጌ ምድር፣ በጅማ መንገድ ላይ ካለችው ከወልቂጤ ብዙ ሳይርቅ፣ የአጣጥን ሆስፒታል ከፈተ። ከጅሬን እስከ አጣጥ በአንድ ቀን የሚደረስ መንገድ ነው። በጅማ በኩል ያልተደረገው ነገር በዚህ ተደረገ፤ የምታምጥ ሴት ገዳማዊት ሐኪም አገኘች፤ ሐኪሟም ቀዶ ሕክምና የምትሠራ ነበረች።

ነገር ግን ሐኪም መኖሩ ብቻውን አልበቃም። የገጠር ሆስፒታል የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የተዘጋ ምጥ ይዛ በቃሬዛ የምትመጣ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትደርሰው ሕፃኑ ከሞተና ማህፀኗ ከተተረተረ በኋላ ነው። በ1976 በሆስፒታሉ ግቢ የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ጎጆዎች ተሠሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ አደጋ ይጠብቃታል ተብላ የተለየች ሴት፣ ለምሳሌ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ወይም መንታ ያረገዘች፣ ቀኗ ሲቀርብ መጥታ በጎጆው ትቀመጣለች። ምግቧንና የምታበስልላትን ዘመድ ይዛ ትመጣለች፤ የሆስፒታሉ ድርሻ መከታተል ነው። ምጥ ሲጀምራት የማዋለጃ ክፍሉ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃታል።

ውጤቱን ከሆስፒታሉ ሐኪም ከሲስተር ሪታ ሺፈር ጋር ሆነው ተመራማሪዎች በ2010 አሳትመዋል። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በአጣጥ 24,148 ወሊዶች ተመዝግበዋል፤ 6,805ቱ በጎጆው በኩል ያለፉ እናቶች ሲሆኑ 17,343ቱ ከቤት በቀጥታ የመጡ ናቸው። በጎጆው ከቆዩት መካከል የእናቶች ሞት በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት 89.9 ሲሆን በቀጥታ ከመጡት 1,333.1 ነበር። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ከ1,000 ወሊድ 17.6 እና 191.2 ሆነው ተገኙ። የማህፀን መተርተር በጎጆው ካረፉት በአንዷም ላይ አልደረሰም፤ በቀጥታ ከመጡት ግን 5.8 በመቶው ደርሶባቸዋል። እነዚህ አሃዞች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በቀጥታ ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ቤታቸው ለመውለድ ሞክረው ሳይሆንላቸው የመጡ ስለሆኑ ሁለቱ ወገኖች ከመነሻው እኩል አይደሉም። ሆኖም አንድ ሌላ አሃዝ ነገሩን ያስረዳል። በጎጆው የቆዩት 38.5 በመቶው በቀዶ ሕክምና ሲወልዱ በቀጥታ የመጡት ግን 20.3 በመቶው ብቻ ናቸው። ጎጆው ያዳነው ጎጆ በመሆኑ ሳይሆን፣ አስቸጋሪው ወሊድ በሰዓቱ ከቀዶ ሕክምና ክፍል አጠገብ ስለተገኘ ነው። ያ ክፍልና በውስጡ የምትሠራው ገዳማዊት ሐኪም ደግሞ ያለ 1936ቱ ፈቃድ አይታሰቡም።

በአገር አቀፍ ጥናት በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ሲወርድ፣ መንግሥት የእናቶች ማቆያዎችን በየጤና ጣቢያው አስፋፋ። የጅማ ዞንም ተራው ደረሰው። የጅማ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች፣ በ24 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አሃዶች፣ በዕጣ የተመደበ ሙከራ አካሄዱ። ከፊሎቹ የተሻሻሉ ማቆያዎችና የአካባቢ መሪዎች ሥልጠና፣ ከፊሎቹ ሥልጠና ብቻ ተሰጣቸው፤ የቀሩት በነበሩበት ቀጠሉ። በ2020 የታተመው ውጤት በጤና ተቋም በሚወልዱ ሴቶች ብዛት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም።

ይህ ውጤት አጣጥን አያስተባብልም፤ የተለካው ነገር የተለየ ነው። የአጣጡ ጥናት ከሆስፒታሉ የደረሱት ምን እንደ ገጠማቸው ሲያይ፣ የጅማው ደግሞ ስንቶቹ ከቤት እንደ ወጡ ይጠይቃል። የጅማው ማቆያ የተሠራው በጤና ጣቢያ ግቢ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋት ሴት ከዚያ ሌላ ጉዞ ይጠብቃታል። ከቤት መውጣቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በአጋሮና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች ቀይ ቡና የሚለቀመው ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ነው። ቀኗ በእነዚያ ወራት የደረሰ ሴት ማቆያው ቢሻሻልም ባይሻሻልም ለቀማውን ለማን ትታ፣ ታናናሾቹን ልጆች ለማን ሰጥታ፣ የምታበስልላትን ዘመድ ከየት አምጥታ ሁለትና ሦስት ሳምንት ትቀመጣለች? ለዚህ መልስ ያገኙት ቤቶች ሚስቶቻቸውን ይልካሉ፤ ያላገኙት ምጡ እስኪጀምር ይጠብቃሉ።